ግመል የሌለበት ቅጽ

ካርቱም ሁለት ቢሮ ይዤ ሶፍትዌር እሠራ ነበር። አንድ የሰሊጥ ዘይት ገዢ የአውሮፓ ኩባንያ፣ በጭሱ መጠን የሚጣለው የካርቦን ቀረጥ ሳይመጣ ልዘጋጅ ብሎ፣ ዕቃው ሲመረት የሚወጣውን ጭስ የሚያሰላ ፕሮግራም አዘዘኝ። በሚሞላው ቅጽ ላይ የነዳጁን ቦታ ባዶ የተወ አምራች ብዙ ናፍጣ እንዳቃጠለ እንዲቆጠር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነጋዴ ሁሉ ይዋሻል ባይ ነበርኩ።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር መጭመቂያቸውን በግመል እያዞሩ የሰሊጥ ዘይት የሚያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ናፍጣ ስለማይጠቀሙ ቦታውን ባዶ ተዉት። ዘይታቸው ከፋብሪካው የባሰ በካይ ተብሎ ወጣ፤ ገዢውም ተዋቸው።

ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ግመሌን የት ጻፍከው?» አሉኝ።

ቅጹ ላይ አንድ መስመር ብጨምር ይበቃ ነበር። «ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው» አልኳቸው። ያመጡልኝን ጠርሙስ ዘይት ግን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።