እግሩ የጠፋበት ወሎየ

ሚስቴ መጀመሪያ የጠፋባት አማርኛዋ ነው። ሐኪሟ እንደነገረችኝ ሰው ሲረሳ በኋላ ያገኘውን አስቀድሞ ይጥላል። ከገበያ አማርኛ ያለፈውን ያገኘችው ከእኔ ነበር። ትግርኛው ግን የእናቷ ነው፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። የእኔ የሆነው ሁሉ ተራ በተራ ጓዙን ጠቅልሎ ከቤቴ ሲወጣ ቆሜ አየሁት።

እኔ ወሎየ ነኝ። መቀሌ የመጣሁት ደርግ በወደቀ በዓመት በሁለት ዓመቱ፣ ጆንያ ልነግድ ነው። ባዶ ጆንያ። ከዳቦ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት እሰበስባለሁ፤ አራግፋለሁ፤ የተቀደደውን ሰፍቼ ለእህል ነጋዴ እሸጣለሁ። አቧራው ይበዛል እንጂ ሥራው አያዋርድም። ይዤው የመጣሁትም ብዙ አልነበረም፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የጆንያ መርፌ፣ አንድ ክራር።

እሷን ያገኘኋት ከመቀሌ አጠገብ፣ የትውልድ ቦታዋ ቁሓ፣ ሰርግ ላይ ነው። ጆንያ የሚገዛኝ ነጋዴ ልጁን ሲድር ጠርቶኝ ሄድኩ። ከተበላ በኋላ ከበሮ ተመታ፣ ጓይላ ተጀመረ። ጓይላ ሰዉ ክብ ሠርቶ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ሆኖ፣ እግሩን በምቱ እየጎተተ የሚዞርበት ጭፈራ ነው። ትከሻው የሚመጣው በኋላ ነው፣ ከበሮው ሲደራ። እኔ ይሄን በየት አውቄው! ክቡ ውስጥ ገና ከመግባቴ እንደ አገሬ ትከሻዬን ለቀቅኩት። ትከሻዬ ሲሄድ እግሬ ቆመ። እግሬ ሲቆም ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ፍየል ተጋጨ፤ የአንድ ሽማግሌ ዘንግ ወደቀ።

በቀጥታ ከኋላዬ የነበረችው እሷ ናት። በገበያ አማርኛዋ፣

«ኣንታ ወሎየ!» አለችኝ። «ትከሻህን ተወው። የጠፋው እግርህ ነው።»

«ወሎየ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ማን ቆሞ ይጨፍራል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከክቡ አልወጣሁም። ግትር ነኝ። ሰርጉ እስኪበተን ስሳሳት ዋልኩ፣ እሷም ከኋላዬ ስትሰድበኝ ዋለች።

ሁለታችንም ልጆች አልነበርንም። እኔ ወደ አርባ ተጠግቻለሁ፣ እሷ ባሏ ሞቶባት ወንድሟ ቤት ተቀምጣለች። ሽማግሌ ስልክ ዘመዶቿ አንገራገሩ። «ወሎየ ነው፣ ነገ አገሩ ይገባል» አሏት።

«እግሩ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው የት ይሄዳል?» አለቻቸው። በዚህ ተጋባን።

ከዚያ በኋላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ኣንታ ወሎየ» ነው ስሜ። ስትቆጣ «ኣንታ»ው ይረዝማል። ስትስቅ «ወሎየ»ው ይጎተታል። ስታዝንልኝ ሁለቱም ቀስ ይላሉ። ሰው ሲጠራኝ ብሰማ ብሰማ እንደዚያ የሚጥመኝ የለም።

ጆንያ ስንሰፋ አንድ ልማድ ነበረን። ትልቅ ቅዳጅ ሲመጣ እኔ ከአንዱ ጫፍ፣ እሷ ከሌላው ጫፍ ጀምረን መሃል ላይ እንገናኛለን። እጃችን እኩል ካልሄደ ስፌቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ የአገሬን ዘፈን እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ትቀበላለች፣ መርፌው በዘፈኑ ይሄዳል። አማርኛዋን ያሳመረችው እንደዚያ ስትቀበል ነው። ማታ ማታ ደግሞ ክራሩን አወርድና በድርደራ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየነካሁ፣ ቀስ እያልኩ እጫወታለሁ፤ እሷ ታንጎራጉራለች። የራሷን ዘፈን ሰርግ ቤት ትዘፍነዋለች። የእኔን እቤት። ማንም ሳይደነግገው እንደዚያ ሆኖ ኖረ።

ሕመሙ የታወቀኝ በጆንያ ነው። አንድ ቀን ሰፍታ የጨረሰችውን አንስቼ ላጣጥፍ ስል አፉ የለም። ባዶውን ጆንያ አፉን ድፍን አድርጋ ሰፍታዋለች፣ ያውም በጥሩ ስፌት።

«ምን ልታስቀምጪበት ነው፣ አየር?» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ቀጥላ ሌላውን እንደዚያው ደፈነችው። ያኔ አልሳቅሁም። ክሩን ተረተርኩ።

ከዚያ ሱቅ ብላ ወጥታ ቁሓ መንገድ ላይ ተገኘች። አንድ ባለባጃጅ አምጥቶ፣ «አባቴ ቤት አድርሰኝ ብላኝ ነው» አለ። አባቷ ከሞተ ስንት ዘመኑ! አማርኛው በዚያ ሰሞን መሳሳት ጀመረ። በአማርኛ ስጠይቃት በትግርኛ ትመልሳለች። ኋላ ጥያቄውም አልገባት አለ። ትግርኛ እኔም እችላለሁ፣ ይሄን ያህል ዘመን ኖሬ እንዴት አልችልም። ግን በትግርኛ ሳናግራት እንደ ገበያ ሰው ነው የምታየኝ። «ኣንታ ወሎየ» የሚለው ቀረ።

ከአንዲቷ ሴት ልጃችን ጋር ሆነን ዓይደር ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ግን ትዕግሥት አላት።

«ኣቦይ፣ የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒት የለም» አለችኝ። «የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል። ዘፈን ትወዳለች?»

«እንዴታ!»

«ይዝፈኑላት። በተለይ በልጅነቷ የሰማችውን። ብዙ ነገር ሲጠፋ ዘፈኑ ይቆያል። ለእርስዎም ይጠቅማል። ግን እርስዎ የሚያውቁትን ብቻ አይጫወቱ፣ አዲስ ነገር ይማሩ።»

«እኔ አላመመኝም።»

«ሳያምምዎት ነው እንጂ ጥሩው።»

«በዚህ ዕድሜ የሚማር ሰው ቀብሩን ነው የሚማር» አልኳት። ልጄ እጄን ቆነጠጠችኝ። በመንገድ ላይ ግን አሰብኩት። የሚሠራበት ጆንያ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ይኖራል። ተጣጥፎ የተቀመጠውን አይጥ ይበላዋል። ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ቢሆንም የጀመርኩት በራሴው ነው። ሐኪሟ የልጅነቷን ብትልም እኔ፣ የምትወደው የኔን ነው ብዬ ክራሩን በአገሬ ቅኝት ቃኝቼ፣ ስንሰፋ የምናዜመውን አወጣሁላት። የመቀበያው ቦታ ላይ ስደርስ ጠበቅኋት። አልተቀበለችም። ደገምኩት። ወደ ልጃችን ዞራ፣

«መን እዩ እዚ ሰብኣይ?» አለቻት። ይሄ ሰውዬ ማነው ማለቷ ነው።

«ኣቦይ እኮ እዩ፣ ኣደይ» አለቻት፤ አባቴ እኮ ነው፣ እናቴ።

«ጽቡቕ» አለች በትሕትና፣ ለእንግዳ ሰው ጥሩ ነው እንደሚባለው።

ክራሩን ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ መቀበያውን ራሴው እየተቀበልኩ ለብቻዬ ሰፋሁ። ከሁለት ጫፍ የሚሰፋውን ከአንድ ጫፍ ሲሰፉት መሃሉ ሩቅ ነው።

ዓዲ ሓቂ ሰፈር የተከራየነው ቤት አጠገብ አንድ ቅዳሜ የሰርግ ድንኳን ተተከለ። ከበሮው ከጥዋት ጀምሮ ይመታል። እሷ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። ውሃ ላቀብላት ጎንበስ ስል ከጋቢው በታች እግሯን አየሁት። ይሄዳል። ተቀምጣ እግሯ ጓይላ ይዞራል፣ አንዲት ምት ሳይስት። ብርጭቆውን ይዤ ቀረሁ።

ክራሩን ያን ዕለት አወረድኩት። ወላሂ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። የጓይላ ምት አንካሳ ናት። ረዥም ትረግጥና አጭር ትረግጣለች፤ ወደቀች ስትል አትወድቅም። የኔ እጅ ደግሞ ድርደራ ነው የለመደው፣ እዚህ ክሩን ሁሉ ባንዴ የሚመታ ግርፍ ያስፈልጋል። እጄን በግርፉ ስይዘው ምት የምትመታው እግሬ መሬት ላይ ትቆማለች። እግሬን ሳስነሳት እጄ ወደ ወሎ ይነጉዳል። ልጄ ከምትሠራበት ካፌ ከመግባቷ በፊት እየተቀመጠች ታጨበጭብልኛለች።

«ኣቦይ፣ እዚህ ጋ አትቸኩል።»

«አልቸኮልኩም፣ ከበሮው ነው የዘገየው።»

«ከበሮ የለም እኮ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ የዘገየሽ!»

ጎረቤታችን የሆኑት ሐጂ በአጥር አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተ ሰው፣ መስጊድ የሚኬድበት ዕድሜ ላይ ሰርግ ልትጠራ ነው?» ይሉኛል። «ከተጠራሁ እርስዎንም እወስድዎታለሁ» እላለሁ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ሆነ። ጣቴ ይደነዝዛል፣ ትናንት የያዝኩት ዛሬ የለም። እንደገና እጀምራለሁ። ለጭንቅላቴ በጀው አልበጀው አላውቅም። ግን የሱቄን ቁልፍ በየቦታው ረስቼ የምፈልገው ነገር እየቀረ መጣ፣ ይሄን ልጄም ታዝባለች።

አንድ ቀን ከጥዋቱ ግቢ ተቀምጬ እሞክራለሁ። እሷ አጠገቤ ናት፣ እንደወትሮው አጥሩን ታያለች። ምቱ የሚጠናበት ቦታ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመች፣ ግርፉም ተንጋደደ።

«ኣይኮነን!» አለች። እንደዚያ አይደለም ማለቷ ነው።

ዞር ብዬ አየኋት። ማጨብጨብ ጀመረች፣ ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር። ፊቷ ተቆጥቷል። ተከተልኳት። እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ እንደገና ሳትኩ። እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለችና ተነፈሰች፤ ከዚያ ዐይኗን ዐይኔ ላይ አድርጋ፣

«ኣንታ ወሎየ! እግርኻ ጠፊኡካ!»

እግርህ ጠፍቶብሃል። የሰርጉ ዕለት ያለችኝ፣ አሁን በትግርኛ። «ኣንታ»ው ረዘም ያለ ነው፣ የቁጣው። «የት ሄደብኝ ብለሽ ነው?» አልኳት በዚያው በትግርኛ፣ እንደምንም። ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች፣ አለቀ።

ባሏ መሆኔን አውቃ ይሁን፣ ወይስ ስሕተቱን አይታ ይሄ ሌላ ሳይሆን ወሎየ ነው ብላ ይሁን፣ አላውቅም። ያኔም ስታገኘኝ በስሕተቴ ነው ያወቀችኝ። ሐኪሟን ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። የምትመልስልኝን ስለፈራሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እየበረታሁ ሄድኩ። አሁን ጓይላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም ሳልስት እገርፈዋለሁ። እግሬም እጄም አብረው ይሄዳሉ። ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መጀመሪያ አስተካክዬ የጨረስኩት ቀን እሷ እስከ መጨረሻው አጨበጨበች፣ ፊቷ በራ። ግን ወደኔ አልዞረችም። በሐሳቧ ከልጅነቷ ጓደኞች ጋር ቁሓ ነበረች፣ እኔ እዚያ የለሁም። ደስ አላት ብዬ ደስ አለኝ፤ ግን ቀኑን ሙሉ እንደራበው ሰው ሆንኩ።

እናም በየጥዋቱ ቃኝቼ እቀመጣለሁ። ጓይላውን አወጣለሁ፣ እሷ ታጨበጭባለች፣ እንሄዳለን። መሃል ላይ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ እግሬን አቆማታለሁ።

ልጄ በቀደም ጫማዋን እያሰረች ሰማችኝ። «ኣቦይ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ተምረህ እዚህች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳታለህ!»

«ጭንቅላቴ ደንዟል፣ ምን ላድርግ» አልኳት።

እናቷ እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለች፤ ወደኔም ዞረች።