«ምች ነው» ያልነው

ባለቤቴ ከድሮው ኪኒን ጋር ሰላም አልነበራትም። የሚጥል በሽታዋን ያዝ አድርጎላታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ደንበኛ ነው የሚቀሰቅሳት። መርሳ ደግሞ ሰው ሲያንቀላፋ ዝም ብሎ የሚያልፍ ከተማ አይደለም፤ «ዛሬም ትራስ እየሰፋሽ ነው?» ይሏታል። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እበግናለሁ። በመጨረሻ ወልድያ ሄደን ይቀየርልሽ ብዬ የነዘነዝኋት እኔው ነኝ።

ወልድያ ያገኘነው ሐኪም ታጋሽ ሰው ነበር። ካርባማዘፒን የሚባል ሌላ ኪኒን አዘዘላት፣ የድሮውን እንዴት ቀስ በቀስ እንደምትተውም አስረዳን። ከዚያ ሁለት ነገር አስጠነቀቀን፦ «በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሽፍታ ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።» ሚኒባስ ውስጥ ስንመለስ ባለቤቴ «ሽፍታ ካያችሁ ኑ አለ እኮ! ሽፍታ ያየ ሰው በየት በኩል አልፎ ነው የሚመጣው?» ብላ ሲሪንቃን እስክናልፍ አሳቀችን።

ማቋረጡን ግን ሁለታችንም እንፈራው ነበር። አንድ ጊዜ መድኃኒቷን ትታ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል።

አዲሱ ኪኒን ተስማማት። እንቅልፉ ለቀቃት፤ ከግራና ከተማ የሚመጡ ደንበኞቿ ያዘዟትን ቀሚስ ሁሉ ሰፍታ ጨረሰች። አላህን አመሰገንሁ። ራሴንም ሳላመሰግን አልቀረሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ግድም ትኩሳት ያዛት። ከንፈሯ ቆሰለ፣ ዓይኗ ቀላ። አማቴ መጥተው አንዴ አዩዋትና ነገሩን ጨረሱት።

«ምች ነው የመታሽ! ሽንኩርት ስታቁላዪ ቆይተሽ ፀሐይ ወጣሽ፣ አይደል?»

«ወጥቻለሁ» አለች። ማን ያልወጣ አለ?

በእኛ አገር ትኩሳትና የቆሰለ ከንፈር አንድ ላይ ከመጡ ስማቸው ምች ነው፣ መድኃኒቱም ዳማከሴ። አማቴ ከጓሯቸው ቅጠሉን ቆርጠው አመጡ፤ አሽተው ጭማቂውን አጠጧት፣ ሰውነቷንም ቀቧት። የእኔም ልብ ተመለሰ። ስም ያለው በሽታ አያስፈራም። ሐኪሙ ያለን ሽፍታ ነው፤ ሽፍታ ስጠብቅ የመጣው ምች ሆነብኝ። ደረቷ ላይ ቀያይ ነገር ሲወጣ እንኳ አማቴ «እሰይ፣ ወደ ውጭ ወጣላት!» አሉ። እኔም አብሬ እሰይ አልሁ።

ኪኒኑንም አላቋረጥንም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸ ነው። አፏ ቆስሎ መዋጥ ሲያቅታት በማንኪያ ፈጭቼ፣ በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። «ተወኝ፣ ያቃጥለኛል» ስትለኝ «አብሽሪ፣ ለአንቺው ብዬ ነው» እላታለሁ። ወላሂ እያዳንኋት መስሎኝ ነበር።

ቆዳዋ መላጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አፏን ከፍታ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ነገርኋት። «ምች መትቷት እንኳ አንድም ቀን አላስቋረጥኋትም» ብዬም ጨመርሁ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። ኪኒኑን ከእጄ ወሰደችው።

«ካሁን በኋላ አንዲትም እንዳትሰጣት። ምች አይደለም ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ነው።»

በአምቡላንስ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ወሰዷት። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። ቆዳዋም ዳነ። ዓይኗ ግን አልዳነም፤ ብርሃን ይወጋታል፣ የሰው ፊት ጭጋግ ይሆንባታል። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ቆማለች። አማቴ የጓሯቸውን ዳማከሴ ከነሥሩ ነቀሉት። «ቅጠሉ ምን አደረገ?» ብዬ ተቆጣኋቸው፤ በኋላ ነው የገባኝ። ለንዴታቸው ሌላ የሚነቀል ነገር አጥተው ነው።

አሁን ሌላ ኪኒን ላይ ናት። ትኩሳትም ይሁን ቁስል ከመጣ ስሙን ሐኪም እንዲያወጣለት ተስማምተናል። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ከንፈሯን፣ ምላሷን፣ ደረቷን አያለሁ። ሰሞኑን እንዲህ ሳገላብጣት ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው።

«አሁንማ ደህና አድርገህ ታየኛለህ» አለችኝ። «እኔ ነኝ እንጂ የማላይህ።»