ሁለተኛ ማርሽ በእሱ ጉልበት በኩል ነው

እኔና ባለቤቴ አንዲት መኪና ለሁለት ነድተናል። እሱ መሪውንና የእግሩን ሥራ ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በግራ እጄ ማርሽ እየቀየርኩ፣ ጅቡቲን ከካርቲየ ካርቲየ፣ ከሰፈር ሰፈር ዞረናታል። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አስብና ሆዴ ይባባል።

ሥራችን እንቁላል ማከፋፈል ነበር። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችን። ጠዋት ከጅምላ ሻጩ መጋዘን እንጭናለን፤ ከዚያ ለየሰፈሩ ሱቆች፣ በመጨረሻም ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ላሉ የፈረንጅ ቤቶች በጓሮ በር እናደርሳለን። እኔና እሱ የተዋወቅነውም በዚያው በጓሮ በር ነው። እኔ እዚያ አንድ ቤት እየኖርኩ ስሠራ እንቁላል የሚያመጣልን እሱ ነበር። ነገር ፈላጊ ስለሆንኩ የተሰነጠቀ አገኛለሁ ብዬ እያንዳንዷን አገላብጣለሁ፤ አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ሁሉ ጉድጓድ እንዴት ሳይሰበር ይደርሳል ብዬ ብጠይቀው፣ እንቁላል የሚሰብረው መንገዱ ሳይሆን የሹፌሩ እግር ነው አለኝ። ጉረኛ ነው ብዬ ናቅሁት። ጥቂት ቆይቶ አገባሁት።

ከተጋባን በኋላ የፈረንጆቹን ሥራ ትቼ ካርቲየ 5 ቤት ተከራይተን እንኖር ጀመር። እሱ ይነዳል፣ እኔ ቤት እውላለሁ። አንድ ቀን ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመድ ሲያስር ተንሸራተተና በቀኝ ክንዱ ወደቀ። ሆስፒታል ወስደን ጀሶ ታሰረለት። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን አልጨብጥ አሉ። ማንኪያ እንኳ ይወድቅበት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ከሐረር የመጡ አንዲት ወጌሻ አሉና እሳቸው ጋ ሄዶ በሰሊጥ ዘይት ይታሽ ጀመር።

እንቁላል ግን እጅ እስኪድን አይጠብቅም። ሌላ ሹፌር ብናስገባ ደንበኛው ሁሉ በኋላ ከሹፌሩ ጋር እንደሚሄድ እናውቃለን። አንቺ ተማሪና ንጂ አለኝ። እኔ ደግሞ የዶራሌ ወደብን ከባድ መኪኖች ሳይ ገና ከመንገዱ እወጣለሁ፤ መንጃ ፈቃዱም ቢሆን በአንድ ጀንበር የሚገኝ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠዋት ላይ፣ በይ እንግዲያው እጄን ሁኚ አለኝ። ያበደ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሳ አስተማረኝ። መሪው በግራ ስለሆነ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ማርሹ በመሃላችን። አንደኛና ሁለተኛ ወደ እሱ ጉልበት በኩል ናቸው፤ ሦስተኛና አራተኛ መሃል ላይ፤ አምስተኛ ወደ እኔ ይመጣል። አምስተኛ ያንቺ ናት አለኝ። እኔም ወድጃት ነበር፤ ግን ከተማ ውስጥ ለአምስተኛ የሚበቃ መንገድ የት አለና። ከእሷ ጋር የምንገናኘው ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ያውም ከባድ መኪኖቹ ቦታ ከሰጡን ነው።

ማርሽ መጨመር ቶሎ ገባኝ። ያስለቀሰኝ መቀነሱ ነው። እሱ ደግሞ የሚጠነቀቀው ለዚያ ነበር፤ መጨመርማ ማንም ይጨምራል፣ ሹፌር የሚታወቀው ሲቀንስ ነው ይላል። እኔ እንደ መጥረጊያ እንጨት ጨብጬ ስገፋው መኪናዋ ታጉረመርምና ወደ ፊት ትወረውረናለች፤ ከኋላ ካርቶኖቹ ሲጋጩ ይሰማናል። የመጀመሪያው ሰሞን የሰበርነውን እንቁላል ራሳችን ስንበላ ከረምን።

አይቆጣኝም ነበር። ደጋግሞ እንዲህ ብሎ ያስረዳኛል፦ መጀመሪያ እኔ በፍሬን ፍጥነቷን አበርዳለሁ፤ አንቺ አትቸኩዪ። ፍሪሲዮን ስረግጥ "አሁን" እልሻለሁ። ያኔ ከሦስተኛ አውጪና መሃል ላይ ትንሽ ጠብቂኝ። እኔ ነዳጅ ነካ ሳደርጋት የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ወደ እኔ አምጥተሽ ሁለተኛ አስገቢ። አትግፊው፣ በሁለት ጣት ምሪው፣ ቦታውን ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፤ ፍሬን ላይ መቆም አያስፈልግም ይለኛል። ይህን ሁሉ ለአንድ አደባባይ ብዬ ስስቅ እሱም ይስቃል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ መጣልኝ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ "አሁን" አለ፤ አወጣሁ፣ ጠበቅሁ፣ ድምፁ ከፍ ሲል አስገባሁ። መኪናዋ ምንም ሳትል ዝግ አለች። ከኋላ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔ ደግሞ እንዳልኩራራ ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። እያደር "አሁን" ማለቱን ተወው፤ ሳይለኝም አውቃለሁ። እግሩ ከነዳጁ ላይ ሲነሳ፣ ትንፋሹም ሳይቀር ይነግረኛል። ብዙ ባልና ሚስት ስንት ዓመት አብሮ ኖሮ እዚህ አይደርስም።

ፖሊስ እንዳያየን የታመመ እጁን በሻርፔ ሸፍኜ ጭኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የእኔንም እጅ የሻርፑ ጫፍ ይከልለዋል። አንድ ትራፊክ አስቁሞን ወደ ውስጥ አጎንብሶ አይቶ፣ እጄን ማርሹ ላይ ሲያገኘው ምን ብሎ እንዳሰበ እንጃ፣ ፈገግ ብሎ እለፉ አለን። እኔ አፈርኩ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ረመዳን ሲገባ ሥራው በዛ። ለሰምቡሳው፣ ለጣፋጩ ሁሉም ቤት እንቁላል ይፈልጋል፤ ሁሉም ደግሞ ማፍጠሪያው ሳይደርስ ነው የሚፈልገው። በዚያ ሰዓት የጅቡቲን መንገድ ያላየ ሰው መንገድ አይቻለሁ አይበል። የተራበው፣ የተጠማው፣ ጫት የናፈቀው ሁሉ በአንድ ላይ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኛ በዚያ መሃል ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እያልን እንደ ውሃ እናልፋለን። ጀምበሯ ልትጠልቅ ስትል የወደቡ ክሬኖች ከሩቅ ይታያሉ፤ እኛ አንነጋገርም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ያኔ አላወቅሁትም።

አንድ ቀን በዚያው ወር አንድ ልጅ እግር የሚነዳው ሞተር ብስክሌት በድንገት ገባብንና ባለቤቴ ፍሬን ረገጠ። እኔ ጭኔ ላይ የያዝኩት አንድ ካርቶን ወደ ፊት ሲንሸራተት፣ ያ የታመመ እጁ ከሻርፑ ሥር ወጥቶ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ከዚያ እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። ተመስገን፣ እየተሻለህ ነው አልኩት። እሱም አዎ፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል አለኝ። አመንኩት።

ኢድ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ነው ያን ቃል የተናገርኩት። አንድ ሱቅ ደጃፍ እያራገፍን ነበር። ባለሱቁ አማርኛ የሚችል ሶማሌ ነው፤ ነገረኛ ነው ግን ክፋት የለበትም። "ዱ ሾፌር! ሁለት ሹፌር! ደመወዙን ለማን ነው የምሰጠው?" እያለ ሰው ሰበሰበብን። እኔም አፌ አያርፍ፣ "መቼ እጁ ድኖ በተገላገልኩ! እኔ እኮ ደክሞኛል" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ እኔ ግን የተናገርኩትን እንኳ ቤት ሳልደርስ ረሳሁት።

በማግስቱ ስነሳ እሱ መኪናዋ ውስጥ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ነው። አየሽ፣ እጄ ተመለሰልኝ፣ ካሁን በኋላ ቤትሽ እረፊ አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? እልል አልኩ። ጎረቤቱ እስኪወጣ ድረስ እልል አልኩለት። እሱ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ፤ ጥግ ጋ ሲደርስ ወደ ሁለተኛ ሲቀንስ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ጥሩ አድርጎ ነው የቀነሰው።

ከዚያ በኋላ እንቁላሉ አልተሰበረም፣ ደንበኞቹም አልሄዱም። እሱ ግን ዝምተኛ ሆነ። ማታ ሲገባ ስለ መንገዱ አያወራኝም፤ እኔም ልምጣ አልለውም። እንዳልል የከለከለኝ ኩራት ይሁን ሌላ ዛሬም አላውቅም። ደህና ሰው ያለ ሥራው መኪና ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር ራሴን የማሳምነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እንቁላሉ አያዋጣም አለና ፒክአፗን ሸጣት። ዶራሌ አንድ ባለንብረት ዘንድ ገብቶ ኮንቴይነር ወደ ኢትዮጵያ ማመላለስ ጀመረ። መኪናው አዲስ ነው፣ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። አሁን ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበልጣል።

ያኔ የሆነውን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ልብስ ሳጥብ ግራ አንጓዬ ወለም አለኝና ወደ እኚያው የሐረር ወጌሻ ሄድኩ። እያሹኝ የባለቤቴን እጅ ጠየቁኝ። ከኢዱ በኋላ በአንድ ሌሊት ተመለሰለት እኮ አልኳቸው። እጄን ለቀቁና ቀና ብለው አዩኝ።

"የምን ኢድ ነው ልጄ? እሱማ ረመዳን ሳይገባ ነው የዳነ። ጣቴን ጨብጥ ብለው እስክጮህ ጨበጠኝ። ለሚስቴ እኔው ራሴ ልንገራት ብሎኝ እየሳቀ ነው የወጣው።"

በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ያ ወር ሙሉ ተመልሶ መጣብኝ። ካርቶኑን የያዘው እጅ፣ ከሻርፑ ሥር ዝም ብሎ የተኛው እጅ። እየቻለ ነበር ያስቀየረኝ። ከጎኑ እንዳልሄድበት ነበር። እኔ ደግሞ በሰው ፊት መቼ በተገላገልኩ አልኩት። መሃል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አንዲት ሴት ምን ሆነሽ ብላ በሶማሊኛ ጠየቀችኝ፣ እጄን አሳየኋት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ግን ነቀዘ። ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ ቤት ውስጥ ልነግረው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ምግብ አቀረብኩ፣ ልብሱን አጠብኩ፣ የእረፍቱ ሁለት ቀን አለቀ። ሊሄድ ሲል እስከ ዶራሌ ልሸኝህ አልኩት። ገረመው፤ ሸኝቼው አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን።

ሹፌሩ ጎረምሳ ነው። አደባባዩን በሦስተኛ መጣበትና መጨረሻ ላይ ማርሹን ገፍቶ ሁለተኛ ውስጥ ሲከተው መኪናው ጮኸ፣ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ባለቤቴ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ግራ እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬው ነበር። እሱ እጄን አየው፤ እኔም እንዳየው አየሁ።

"ረመዳን ሳይገባ ድነህ ነበር አይደል?" አልኩት።

ፊት ለፊት ኮንቴይነር የጫኑት መኪኖች ተሰልፈዋል፤ እነሱን ያያል።

"ነበር። በኋላ የደከመሽ መሰለኝ" አለ።

"አልደከመኝም ነበር።"

ዶራሌ ስንደርስ ቦርሳውን አነሳ፣ በሩን ከፈተ፣ ወርዶም አልሄደም። የመስኮቱን ጠርዝ በዚያ በቀኝ እጁ ያዘው።

"ያኔ ባውቅ ኖሮ መኪናዋን አልሸጣትም ነበር" አለኝ። ቁጣ የለበትም። ስለ አየሩ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

አንተስ አፍ የለህም ወይ ልለው ነበር። ልቤ ሞልቶ ነበር፣ ጸባዬም እንደዚያ ነው። ግን ሚኒባሱ ተሳፋሪ ጭኖ ዞረ፤ እሱም ቦርሳውን ይዞ በመኪኖቹ መሃል ገባ። ወደ ከተማ ስንመለስ ሹፌሩ አደባባዩን ሲያይ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ረገጠ። ግራ እጄ ሳላስበው ተነሳ፤ ወደ ማርሹ ሳይደርስ መልሼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።