በእንቆቅልሽ የሰጠኋት ሾላ ምንጭ

ልጅ ሳለሁ ጅብ እንኳ ያለ ዳኛ የማይበላበት አገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ተረት የሚነግሩን አያ ፈንቴ ከእርሻ ይልቅ በሙግት ያረጁ ሰው ስለ ነበሩ ነው። ከአርብ ገበያ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኘው አምባ ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን በቆመች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ስለ አባታቸው መሬት ደብረ ታቦር ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራክረው በመጨረሻ ተፈረደባቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ተበትነዋል። የቀረናቸው እኛ ነበርን፤ የአምባው ልጆችና ከታች ካለችው መንደራችን ከሾላ ምንጭ እየወጣን የምንመጣው።

ያኔ ከብት ከገባ በኋላ ጎጆዋ ውስጥ ተፋፍገን እንቀመጣለን። የባሕር ዛፉ ፍልጥ እየተንጣጣ ይነድዳል፤ ኩራዟ ከምታበራው ይልቅ የምታጨሰው ይበዛል፤ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ከጣሪያው ሣር ሥር ይንሳፈፋል፤ የአያ ፈንቴም ፊት በፍሙ ብርሃን ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይታየን ነበር። በእሳቸው ተረት ጦጣ ገብስ ሰርቃ ስትያዝ ዋስ ትጠራለች፤ ቀበሮ ይግባኝ ትላለች፤ ጅብ አህያን ከመብላቱ በፊት ክሱን አሰምቶ፣ መልስ ተቀብሎ፣ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። አህያም እስከ ቀጠሮው ድረስ ትድናለች። እኛ የምንወደው ይህንን ነበር።

ተረቱ ሲያልቅ እንቆቅልሽ ይመጣል። መልሱ የጠፋው ልጅ እንደ ደንቡ አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠውም እዚያ ገብቶ እንደ በላ እንደ ጠጣ እየፎከረ ተሸናፊውን ይሰድባል። ሌላው ሰው ይህን እንደ ጨዋታ ያየዋል፤ አያ ፈንቴ ግን እንደ ውል ይቆጥሩት ነበር። ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ መካነ ኢየሱስን ከእኛ ወስደዋል። አንዱ ልጅ ረስቶ መካነ ኢየሱስን ደግሞ ቢሰጣቸው፣ «እሱማ የኔ ነው፤ የገዛ አገሬን ልትሰጠኝ ነው?» ይሉት ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሽታው መጣ። በሬዲዮ አተት ይሉታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኅብረተሰብ ጤና ከተማርሁ ወዲህ ኮሌራ እለዋለሁ። ያኔ ግን በአምባው ላይ ስሙ «የዓለሙ በሽታ» ነበር። ዓለሙ አባቴ ነው።

አባቴ መተማ የሰሊጥ አረም ሄዶ ሲመለስ ታሞ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እሱ ከመምጣቱ በፊት በአምባው ላይ የታመሙ ሰዎች እንደ ነበሩ የጤና ሠራተኛዋ ተናግራለች፤ የሰማት አልነበረም። ከሩቅ የመጣ ሰው ከተገኘ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ማን አለ? ሬሳውን የተሸከሙት የሾላ ምንጭ ሰዎች ብቻ ነበሩ። የአምባው ሰው ራቅ ብሎ፣ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ፣ እኛን ሳይሆን መሬቱን እያየ ቆሞ ነበር።

ጌጡ የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከአባቴ ጋር ማኅበር የሚጠጣው ሰው፣ ከአምባው ወደ እኛ የሚወርደውን መንገድ በቀጋ እሾህ አሳጠረው። ማሳጠሩን አልጠላበትም፤ እኔም በጤና ሥራዬ መንገድ ያስዘጋሁበት ጊዜ አለ። የምጠላው የተናገረውን ነው። «ዓለሙ ሰሊጥ ሊያመጣ ሄዶ ሞት ይዞልን መጣ» አለ፤ ሰውም ይህን ሲቀባበለው ሰነበተ። ከዚያ በሽታው ቆመ። የጤና ሠራተኛዋ ምንጩን በመድኃኒት አከመች፤ የታመሙትም አገገሙ። እሾሁ ግን አልተነሣም። ዓርብ ዓርብ ገበያ መውጣት ቀረብን፤ ገብሳችን የሚያጭደው አጥቶ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም በቆላው በኩል ዞረን ከቅጽሩ ውጭ እንድንቆም ተነገረን። ክርክሩ ያኔ ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ውሃው ነው ይላል፤ ሌላው ኃጢአታችን ነው ይላል፤ ምንጩ ውስጥ የተጨመረው ነጭ ዱቄት ራሱ መርዝ ነው የሚልም ነበር። የማይከራከሩበት አንድ ነገር ቢኖር ያመጣው አባቴ መሆኑ ነበር።

ተረቱም ቀረብኝ። ማምሻ ማምሻውን እወጣና ከእሾሁ ወዲህ ማዶ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። የአያ ፈንቴ ጎጆ ከአጥሩ አጠገብ ስለ ነበረች ጢሷ ይደርሰኛል፤ ከተረቱ የምሰማው ግን የልጆቹን ሣቅ ብቻ ነበር፤ በምን እንደሚሥቁ ባላውቅም አብሬ እሥቅ ነበር። አንድ ማምሻ አያ ፈንቴ ኩርሲያቸውን ይዘው ወጡና በራፉ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ብርድ ነው ይግቡ ሲሏቸው፣ ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ አሉ። ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ተረቱ ሲያልቅ በእሾሁ ላይ አሻግረው ተጣሩ።

«ይበልጣል፣ እንቆቅልህ።»

ስሜን ከአምባው ሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«ምን አውቅልዎት» አልሁ።

«እግር የለው ይሮጣል፤ ጥርስ የለው ሰው ይበላል።»

በሽታ ነው አልሁ። አይደለም አሉኝ። ሞት ነው አልሁ። እሱም አይደለም አሉና አገር ጠየቁኝ። ጎንደርን ሰጠኋቸው፤ የራሴ ነው አሉ። ደብረ ታቦርን ሰጠኋቸው።

«እዚያ ተፈርዶብኛል፤ አልፈልገውም።»

አዲስ አበባን ብሰጣቸው ጉልበቴ አያደርሰኝም አሉ። «በእግሬ ሄጄ የምረግጠውን ስጠኝ። ሾላ ምንጭን ስጠኝ።»

ልጆቹ ሣቃቸውን አቆሙ። አንደኛው፣ «አያ፣ እሷንስ አይውሰዱ፤ በሽታ አለባት» አላቸው።

«አንተ ምስክር ነህ፤ ምስክር ደግሞ ሳይጠየቅ አይናገርም» አሉት።

ያኔ የተሰማኝን እፍረት ዛሬ ልገልጸው ብሞክር አይሆንልኝም። ማንም የማይፈልገውን፣ የተበላሸ ነገር ለሽማግሌ የማቀብል መሰለኝ። «ሾላ ምንጭን ሰጠሁዎት» አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ እንድለው አደረጉኝ። ከዚያ ተነሥተው ቆሙና፣ ሾላ ምንጭ ገብቼ፣ ጠላዋን ጠጥቼ፣ እንጀራዋን በልቼ፣ ጥላዋ ሥር አርፌ እያሉ ፎከሩ። ለተሸናፊው የሚገባውን ስድብ ግን አስቀሩት። «መልሱ ወሬ ነው» አሉና ገቡ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ለአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር ጠላ ጠንስሳ ነበር። ዘመዶቻችን ሰው ስለማይመጣ ድግሱ ይቅር ቢሏት እምቢ አለች። ለእኛ ጉዳዩ የመብልና የመጠጥ አልነበረም። በላተኛ ያጣ ተዝካር አባቴን ሁለተኛ መቅበር ነበር፤ ያ ጠላ ተርፎ ከተደፋ፣ አዎ ዓለሙ ነው የገደለን ብሎ አገሩ ሁሉ የፈረመበት ያህል ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ እኔን አስከትላ ከቅጽሩ በር ውጭ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማክሰኞ የባለቤቷ አርባ መሆኑን ተናገረችና ድረሱልኝ አለች። ቀጥሎ ጌጡ ከወረዳ ትእዛዝ ሳይመጣ ማንም አይወርድም አለ። ክርክሩ እንደ ገና ተነሣ፤ ውሃው ታክሟል ተብሏል እኮ የሚል ሰው ነበር፤ አንዲት እናት ታክሟል ሲባል ልጄን ልቅበር ወይ ብላ አፈጠጠችበት። የነፍስ አባታችን ሁለቱንም ወገን እያዩ ፍትሐቱን እዚሁ እናድርስ፣ መብሉ ይቅር አሉ። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨበጠችው።

ያን ጊዜ አያ ፈንቴ ከዋርካው ሥር በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «በሕግ አምላክ» አሉ፤ አልጮኹም። ሊሄድ የተነሣውም ሰው ባለበት ቆመ።

«ጌጡ፣ ሾላ ምንጭ የማን ናት?»

«የመንግሥት ናታ፣ አያ። ሌላ የማን ትሆናለች?»

«የኔ ናት። ሐሙስ ማታ ይበልጣል ዓለሙ ሰጥቶኛል። ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው።»

ልጆቹ በየእናቶቻቸው ቀሚስ መካከል እጃቸውን አወጡ። አንድ ሰው ሊይዘው ሞክሮ ያቃተው ሣቅ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ጌጡ ብቻ አልሣቀም። ይህ እኮ የልጆች ጨዋታ ነው አለ።

«መሬቴን በእውነተኛው ችሎት ነጥቀውኛል» አሉት አያ ፈንቴ። «በጨዋታ ያገኘሁትን ደግሞ አንተ ልትነጥቀኝ ነው?»

ሣቁ በረድ ሲል የጤና ሠራተኛዋን ጠርተው ያለችውን እንድትደግመው ጠየቋት። እሷም የታመሙት ሁሉ ከዳኑ መሰንበታቸውን፣ ውሃው ከተፈላና እጅ በሳሙና ከታጠበ ሾላ ምንጭ ውስጥ የማይበላ እህል እንደሌለ ተናገረች። ቀደም ሲልም ይህንኑ ነበር ያለችው፤ በዚያን ቀን ግን ሰው ገና ከሣቁ አፉን ሳይዘጋ ሰማት።

«እንግዲህ ማክሰኞ ወርጄ አገሬ ላይ እበላለሁ» አሉ አያ ፈንቴ። «የሚያግደኝ ካለ ፍርድ ቤት እንገናኛለን። መንገዱን እንደሆነ ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ።»

ማክሰኞ ዳሱ ተጥሎ፣ እናቴ በበራፉ ላይ የፈላ ውሃ በጀሪካንና ሳሙና አስቀምጣ ጠበቅን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። ከሾላ ምንጭ ሰዎች በቀር ማንም አልነበረም። እናቴ የጋኑን አፍ ትከፍታለች፣ አይታ መልሳ ትከድናለች። ሽቅብ እንዳላይ ፊቴን አዞርሁ፤ እንደ ገና ደግሞ አየሁ።

መጀመሪያ የታየኝ ከዘራው ነው። አያ ፈንቴ እሾሁን በከዘራቸው ገፍተው በር አበጁለትና ቁልቁል መጡ። ከኋላቸው በየማምሻው ተረት የሚሰሙት ልጆች በሙሉ ተሰልፈዋል። ምስክሮች ሁሉ መሬቱ ላይ ይገኙ ተብለው ነበርና። ከልጆቹ ኋላ ደግሞ እናቶቻቸው እየተጣሩ፣ እየተራገሙ፣ ነጠላቸው እየወደቀ ይሮጣሉ። ልጆቻቸውን ሊመልሱ ነበር የወጡት። እሾሁን ማለፋቸውን ያወቁት ዳሱ በራፍ ላይ ሲደርሱ ይመስለኛል፤ እናቴ ከል ለብሳ የእጅ ውሃ ይዛ ፊታቸው ቆማለች። ከሐዘንተኛ ደጅ ደርሶ ነፍስ ይማር ሳይሉ ልጅ ጎትቶ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነው። የፊተኛይቱ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ነፍስ ይማር» አለች። እጇን ታጠበች። ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ባሎች ሚስቶቻቸውን ፍለጋ መጡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ፤ የአባቴም የክርስትና ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተጠራ። ዳሱ ሞልቶ ሰው በአጥሩ ሥር ተቀመጠ። እኔም ወጥ እየተሸከምሁ ስመላለስ አያ ፈንቴ በመሬቴ ላይ በዛችሁ፣ ግብር ላስከፍላችሁ ነው እያሉ ሲያሥቁ እሰማ ነበር።

ጌጡ ከሁሉ በኋላ መጣ። በራፉ ላይ ቆሞ ዳሱን ቃኘ። እናቴ አልወቀሰችውም፤ በእጁ ላይ ውሃ አፈሰሰችለት፣ ሳሙናውን ሰጠችው፤ ከዚያ እኔን አስቀምጣ ትሪ አቀረበችልንና «ከይበልጣል ጋር ቅመስ» አለችው። እንጀራውን አየ፤ እኔን አየ። እኔ አስቀድሜ ጎረስሁ። እሱም ቆርሶ ጎረሰ፤ እስኪውጥ ድረስ ዓይኔን ከጉሮሮው ላይ አላነሣሁም። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን እሾህ ሰዎች ይዞ ራሱ አነሣው።

አሁን ጌጡ ሸምግሏል። ዓርብ ዓርብ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ያኔ ለሕዝቡ ብዬ ነው፣ ልጄ ይለኛል። አባትህ አላመጣውም የምትለውን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልተናገራትም፤ እኔም ይቅር አላልሁትም፤ እንዳልሁት አስመስዬም አላውቅም። ኮሮና በመጣ ጊዜ በየስብሰባው ማን አመጣው የሚል ሰው ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ አፉ ላይ እየቆረጥሁ ስለ ውሃና ስለ ሳሙና ስናገር፣ አንዳንዱ ትዕቢተኛ ነው ብሎኛል። ይበል። እኔ ባለሁበት ቀበሌ የበሽታ ስም የሆነ ሰው የለም።

የአያ ፈንቴን ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ጦጣ ተፈረደባት ይሁን ተፈረደላት አላስታውስም። ከእኔ ጋር የቀረው የዚያ ማክሰኞ አመሻሽ ነው። ሰዉ ተመራርቆ ሽቅብ ሲወጣ፣ ምድጃው ላይ የቀረው ፍም እየከሰለ ሲሄድ እናቴ ጠራችኝና ጋኑን አጋድማ አሳየችኝ። ከአተላው በቀር ጠብ የሚል አልነበረውም። በእጇ መታችው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«አባትህ ቢኖር፣ ለእኔ አንድ ዋንጫ እንኳ ሳታስቀሩልኝ? ይለን ነበር» አለችና፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።