አራተኛው ረድፍ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ገና እንደተከፈተ፣ አንድ ሰው በርጩማ አንጠልጥሎ በመቃብሮቹ መካከል አለፈ። ከታችኛው ግንብ አጠገብ ሲደርስ በርጩማውን መሬት ላይ አሳረፈና በእጁ ነቅነቅ አደረገው። አንዱ እግር ሥር ጠጠር ወሸቀ፣ እንደገና ነቀነቀው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ መቀመጫውን ጠረገና፣ ሰው እንዳያየው የፈራ ይመስል ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ግንቡ ጀርባ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት አሮጊት በትር እየተመረኮዙ መጡ፤ በርጩማው ድሮም እዚያው የነበረ ያህል ምንም ሳይገርማቸው ተቀመጡ።

ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ያን ያየው መጥረጊያ ሊያመጣ ሲሄድ፣ በአጋጣሚ ነው። የቀረውን የሰማው ከባለ በርጩማው ነው።

ባለ በርጩማው ግንበኛ ነው። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብና ሲደረድር ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሥራውን ተወ። በስሙ የሚጠራው የለም። የግንብ ቀጥ ማለት የሚለካበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር፣ ቱንቢ፣ ከኪሱ ስለማይጠፋ ሁሉም "ጋሽ ቱንቢ" ይለዋል። ሚስቱ ስታማው፣ "አዲሱን ቁም ሳጥናችንን ለክቶ፣ ጠማማ ነው ብሎ ሦስት ቀን ዘግቶኛል" ትላለች።

ቤት መዋል ሲሰለቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በፈቃዳቸው ከሚያጸዱት ጋር ተቀላቀለ። ከነሱም አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ሲስተር የሚሏት፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌርም አለ። ሌሎቹ፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊም ጭምር፣ ጊዜ ሲያገኙ ብቅ ይላሉ።

ያን ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ አረሙ ወገብ ደርሶ ነበር። የታችኛውም ግንብ ግማሹ ተደርምሶ ውሾች እየገቡ መቃብር ለመቆፈር ይዳዳቸው ጀመር። ጋሽ ቱንቢ ካስማ እየተከለ ገመድ ወጠረና ግቢውን በስድስት ረድፍ ከፋፈለው። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ረድፍ ይታጨዳል፤ ድንጋዩ እየተለቀመ በጋሪ ወደ ግንቡ ይሄዳል።

"መሬት ላይ የተጣለ ድንጋይ አንድ እንዳይቀር!" ይላል ጋሽ ቱንቢ።

የአንደኛውን ረድፍ ድንጋይ የመጀመሪያ መደዳ አድርጎ ገነባው፤ የሁለተኛውን ከሱ በላይ። ክምሮቹ እንዲቀላቀሉ አይፈቅድም።

"ጋሼ፣ ድንጋይም እንደ ተማሪ ይሰለፋል እንዴ?" አለው ሾፌሩ።

"ካንተ ይሻላል። ያስቀመጡት ቦታ ይቆያል።"

በሦስተኛው ቅዳሜ ግንቡ አለቀ። ጋሽ ቱንቢ ክሩን ከዚህም ከዚያም ጣለበት፤ አንዲት ጣት ያህል እንኳ የጎበጠ የለም። ከእንግዲህ ሌላ ግንብ እንደማይሠራ ጉልበቱ ነግሮታል፤ የመጨረሻው እንዲህ ስላማረለት ፈጣሪውን አመሰገነ።

በአራተኛው ቅዳሜ አሮጊቷ መጡ። በዝናቡ ወራት ጭቃውን ፈርተው ከቤት አልወጡም ነበር። ወደ ታች ወረዱ፣ ቆሙ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ። መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ወለል ብሏል።

"ድንጋዬን ማን አነሳው?"

"የቱን ድንጋይ፣ እትዬ?" አለ ጋሽ ቱንቢ።

"የልጄን ነዋ! ቀዩን። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ያለበትን።"

ልጅቱ በስድስት ዓመቷ ነው ያረፈችው። ድንጋዩ ከደጃቸው የመጣ ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጣ ነበር ጫማዋን የምታስረው። ሐውልት አልቆመላትም፣ ስሟም የትም አልተጻፈም። እናቷ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከበሩ ገብተው በቀጥታ ወደ ቀዩ ድንጋይ ይሄዱ ነበር።

"ምን ዓይነት ጽዳት ነው ይኼ?" አሉ። "ልጄንም ጠረጋችኋት?"

ሲስተር ወደ ጋሽ ቱንቢ ጠጋ አለች። "አንድ እንዳይቀር ያልከው አንተ ነህ።"

"አውቃለሁ። ዝም በይ እስቲ።"

ፊቱ የቀና ድንጋይ ከግንበኛ ልብ አይጠፋም። ጋሽ ቱንቢ ወደ ግንቡ መታጠፊያ ሄዶ እጁን በትክክል ቀዩ ላይ አሳረፈ። ሲሚንቶው ደርቋል፤ ከላዩ ሁለት መደዳ ተጭኖታል።

"መዶሻ አምጣልኝ" አለው ሾፌሩን።

"ጋሼ፣ አሞሃል? ባለፈው ቅዳሜ ያለቀ ግንብ!"

"መዶሻ አምጣ አልኩህ።"

ሁለት ክንድ ያህል ግንብ አፈረሰ። እኩለ ቀን ላይ ቀዩ ድንጋይ ወጣ፤ ሲስተር ሲሚንቶውን ፍቃ አጠበችው። አሮጊቷ ዳበሱትና ቀና አሉ።

"ድንጋዩስ ተገኘ። ልጄስ የት ናት?"

ጋሽ ቱንቢ ወደ ፈረሰው ግንብ ዞረና ከታች ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀዩ የነበረው አራተኛው መደዳ ላይ ነው።

"አራተኛው ረድፍ!" ብሎ ጮኸ። "ገመዱን ወጥሩልኝ!"

ካስማዎቹ አልተነቀሉም ነበር። አራተኛው ረድፍ ከታጨደ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ አዲስ ሣር ጥፍር አክሎ በቅሏል። ጋሽ ቱንቢ በዚያ ጉልበቱ ተንበርክኮ እየዳኸ ፈለገ። ሣር ያልነካቸው ሁለት ባዶ ቦታዎች አገኘ። አንደኛው ላይ ድንጋዩን ቢያስቀምጠው ተንገዳገደ፤ ቢያዞረውም እምቢ አለ። ሁለተኛው ላይ ግን ገና ሲያሳርፈው እርግት አለ። ቱንቢውን ከኪሱ አላወጣም።

ሲስተር ሣር ያልበቀለው ድንጋዩ ፀሐይ ከልክሎት ስለኖረ ነው ትላለች። ጋሽ ቱንቢ እግዚአብሔር ለእናቷ ያቆየው ምልክት ነው ይላል። አንዱ ሌላውን የሚከለክል አይመስልም።

አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀመጡና ድንጋዩን ቸብ ቸብ አደረጉት። "እዚህ ነሽ" አሉ። ጋሽ ቱንቢ እንደተንበረከከ እርግማናቸውን ይጠብቃል።

"ተነስ አንተ" አሉት፣ "ጉልበትህን ይበርድሃል።"

በርጩማው የመጣው በቀጣዩ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረም።

ጸሐፊው በርጩማውን ባየበት ጠዋት ጋሽ ቱንቢ ከግንቡ ጀርባ ጠራው።

"ደብተር ይዘሃል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በገመድ እለካለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ፤ ምልክት የሌላቸውን ሁሉ፣ ረድፍ በረድፍ። ነገ ሌላ ጠራጊ ይመጣል።"

"ከማን እንጀምር?"

"ከትንሿ ነዋ። ረድፍ አራት፣ ከግንቡ ዘጠኝ ክንድ።"

ጸሐፊው ጻፈ። "ስሟስ?"

ጋሽ ቱንቢ በግንቡ ላይ አሻግሮ በርጩማው ላይ ወደተቀመጡት አሮጊት አየ።

"የማስቸግርህ እሱን ነው፣ ወንድሜ" አለ። "ሂድና አንተ ጠይቅልኝ። ድንጋይዋን ያነሳሁባት እኔ፣ ስሟን ደግሞ በምን አፌ ልጠይቅ?"