አልደረሰም ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከሐይቅ ገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስለ ጓደኛቸው ያወሩ ነበር። «እሱማ ሜክ ኢት አደረገ!» አለ አንዱ፤ ዐረብ አገር ገብቶ ተሳካለት ለማለት ነው። የምወርድበትን አልፌ ሄድኩ።

እኔ ይህን እንግሊዝኛ የተማርኩት ዐሥረኛ ክፍል ነው። መምህራችን «ቅዳሜ አይ ካንት ሜክ ኢት ካላችሁ፣ መድረስ አልችልም ማለታችሁ ነው» ብለው አስረዱን። ደብተሬ ላይ «መድረስ» ብዬ ጻፍኩ። እማ በእንግሊዝኛዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ትኮራብኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ጦርነቱ እኛ ዘንድ መጣ። ታላቅ ወንድሜን ይመርን የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ሆዱ ላይ መታው። ቁስለኛ የጫነ ፒክአፕ አስቁመን እሱን አሳፈርነው፤ ለእኛ ግን ቦታ አልነበረውም።

«ደሴ ሆስፒታል እንገናኝ፤ እማን ይዘሻት ነይ» አለኝ ራሱ ይመር።

በእግራችን ተከተልን። ማሽላው ገና እሸት እንደሆነ ባለቤቱ ጥሎት ሸሽቷል። ቦሩ ሜዳ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አንዲት የማናውቃት ሴት የባቄላ ንፍሮ እፍኝ እፍኝ ሰጠችን። እማ የራሷን ለይመር ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም የይመርን ስም ነገርኩት። ገብቶ ተመለሰና «አይም ሶሪ፣ ሂ ዲድንት ሜክ ኢት» አለኝ።

«ምን አለሽ?» አለች እማ።

«አልደረሰም።»

«መኪናው ተበላሽቶባቸው ነዋ! ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ሐኪሙ ሌላ ነገር ሊለን እጁን ዘረጋ፤ እኛ ግን ዞረናል። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን መንገድ እየተመላለስን፣ ያገኘነውን ሾፌር ሁሉ ጠየቅን። በሦስተኛው ቀን ደሴም ተኩስ ገባት፤ ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ተገፍተን ደብረ ብርሃን ደረስን።

መጠለያው ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሐኪሙ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው። «ሐኪም ሲለው እኮ አልተረፈም ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ለእማ ለመናገር አራት ቀን ፈጀብኝ።

«እንግዲያው በሩ ላይ ነበርን?» አለች።

«አዎ።»

«ገብተን ልናየው እንችል ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ደሴ ስንመለስ፣ ባለቤት ያልመጣላቸው አስከሬኖች አንድ ላይ ተቀብረዋል ተባልን። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

እማ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ወደዚያ እንሄዳለን፤ የት ጋ እንደምንቆም ግን ሁሌ ይቸግረናል። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ብቻዬን ሄድኩ። ይመርን ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ወዴት ዞሬ እንደምናገር ጠፍቶኝ፣ ሳልናገር ተመለስኩ።