አቃቂ ወንዝ የሞላ ዕለት

ሰሞኑን ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት፣ በወንዝ ዳርቻ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነገር ነገር ስለሆነ ብዙዎቻችን ሰምተን እንዳልሰማን እናልፈዋለን። ባለፈው ሳምንት ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ «አቃቂ ወንዝ» ሲል ሰማሁትና ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ዓይኔ ያነባው ያን ጊዜ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ አቃቂ በሰቃ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት እንደጀመርን የታሪክ መምህራችን ቲቸር ግርማ፣ «ቅዳሜ ቅርስ ልንጎበኝ ነው» አሉን። ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ትልቁ ሙዚየም የምንሄድ መስሎኝ ዩኒፎርሜን በከሰል ካውያ ደጋግሜ ተኮስኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰብስበን ስንጠብቅ ቲቸር ፈገግ ብለው፣ «የምንሄደው ወደ ታች ነው፤ ወንዙን ተከትለን» አሉ። ቅር አለኝ። ያን ሁሉ የተኮስኩት ለገጠር ኖሯል?

የጫነን ከፋብሪካ የተዋስነው ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ቲቸር ጋቢና ገቡ፤ እኛ ከኋላ ቆመን እየተደጋገፍን ተጫንን። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ አባ ሳሙኤል የሚወስደውን የጠጠር መንገድ እንደያዝን ግን ቅሬታዬ ሳላውቀው ለቀቀኝ። መንገዱ ወንዙን አንዴ ይጠጋዋል፣ አንዴ ይርቀዋል። ግራና ቀኙ ገና ያልዘረዘረ ጤፍ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ማሳው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛና መልሶ ይነሳል። በየድንበሩ አደይ ፈንድቷል። ከመጋዘኑና ከፋብሪካው ጭስ ጀርባ እንዲህ ያለ አገር መኖሩን፣ እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ አላውቅም ነበር።

ከጎኔ የቆመችው ጫልቱ ግን ታውቀዋለች። የዚያው አካባቢ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ በየቀኑ ያንን መንገድ በእግሯ እየመጣች ነበር የምትማረው። «ያ የማን ማሳ ነው? ያቺስ ዛፍ?» እያልኩ ስጨቀጭቃት ሳትሰለች ትመልስልኛለች።

የቅርስ ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር የተሠራ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎችና ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተስማምተው፣ ከየቤታቸው አሮጌ ዕቃ አዋጥተው ያቋቋሙት ነበር። የሚጠብቁት ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ተቀበሉንና እያዞሩ አሳዩን፤ የፈረስ ኮርቻ፣ የጎሽ ቆዳ ጋሻ፣ በዛጎል ያጌጠ የወተት ዕቃ፣ የሸማኔ መወርወሪያ፣ የባቡር ጣቢያ ደወል፣ የባቡር ፋኖስ። ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጋን ተቀምጧል።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነው ደረጀ ፋኖሱን ሲያይ፣ «ይሄማ እኛ ቤት አልጋ ሥር አለ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኦቦ ቱሉም አብረውን ሳቁና፣

«አልጋ ሥር ያለው ነው እኮ ልጄ፣ ሲፈለግ የሚታጣው» አሉት።

ጫልቱ ክንዴን ሳብ አድርጋ ኮርቻውን በአገጯ አመለከተችኝ። «የአያቴ ነው» አለች በሹክሹክታ። ቀናሁባት። የእኔ ወላጆች ከመንዝ ሥራ ፍለጋ ሲመጡ ከጉልበታቸው በቀር ይዘውት የመጡት ነገር የለም። እዚያ ቤት ውስጥ ይህ የእኔ ነው የምለው አንድም ዕቃ አልነበረኝም።

ጉብኝቱ ሲያበቃ ሣሩ ላይ ተቀምጠን የያዝነውን ዳቦና ቆሎ ፈታን። ከኦቦ ቱሉ ቤት ደግሞ የባቄላ እሸት መጣልን፤ እየፈለፈልን፣ ቅርፊቱን እየተወራወርን በላን። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። በስተሰሜን ግን፣ ከከተማው በላይ፣ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። የዚያ ዓመት ክረምት መስከረምም ገብቶ አልወጣም ብሎ ነበር።

መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነው። ሲንሾካሾክ የቆየው ወንዝ ማጉረምረም ጀመረ። ኦቦ ቱሉ ብድግ ብለው ዓይናቸውን ውኃው ላይ ተከሉ። ውኃው ደፍርሷል፤ አረፋ፣ ግንድ፣ የተቀደደ ጄሪካን፣ የአጥር ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል።

«የከተማው ዝናብ ደረሰ» አሉ ወደ ቲቸር ዞረው። «መምህር፣ ልጆቹን ያውጡልኝ፤ ቶሎ!»

«ወደ መኪና!» አሉ ቲቸር። ዳቦአችንን እንኳ ሳናነሳ ሮጠን ተጫንን። ከኤንትሬው ላይ ሆኜ ዞር ስል ኦቦ ቱሉ ብቻቸውን ወደ ቤቱ ሲወርዱ አየሁ። ውኃው ግቢውን መላስ ጀምሯል። ጫልቱ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ነው። ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ ዘልዬ ወረድኩ።

«ቲቸር፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው!»

«አይቻለሁ። እኔ እረዳቸዋለሁ፤ አንቺ ተመለሺ። ነገ እናትሽ ልጄስ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«እንሰለፍ፤ ከበሩ እስከ መንገዱ። እኛ ከቆምንበት አንነቃነቅም፤ ዕቃው ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ» አልኳቸው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ትልቅ ትንሹ ተሰልፎ ድንጋይ ያቀባበለው እንደዚያ ነበር።

ቲቸር ወንዙን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ኮታቸውን አውልቀው ጋቢና ውስጥ ወረወሩት።

«ሳፏጭ የያዛችሁትን ጥላችሁ ትወጣላችሁ! አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር!»

ተሰለፍን። ቲቸር፣ ሾፌሩ፣ ኦቦ ቱሉና ደረጀ ውስጥ ሆነው ያወርዳሉ፤ እኔ በሩ ላይ ተቀብዬ ለሚቀጥለው እሰጣለሁ። ጋሻው ሄደ፤ የወተት ዕቃዎቹ ሄዱ። የባቡሩ ደወል ከእጅ ወደ እጅ በተሻገረ ቁጥር ቃ እያለ ዳገቱን ወጣ። ኮርቻው ሲወጣ ዓይኔ ጫልቱን ተከተለ። እጇ ሲገባ አንድ አፍታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ይዛው ትሮጣለች ብዬ ነበር፤ እንደ ሌላው ዕቃ አቀበለችውና ቀጣዩን ለመቀበል እጇን ወደ ታች ዘረጋች። ያን ጊዜ ያደረብኝን አክብሮት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ጉልበቴ ሲጠጋ ጋኑ ብቻ ቀረ።

«ተዉት» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ሸክላ ነው።» አፋቸው ተዉት ይበል እንጂ እጃቸው ከጋኑ አልተነሳም። የመንደሩ ሠርግ ሁሉ የተደገሰበት ጋን ነው።

ደረጀ፣ «አባባ፣ ጋቢዎትን ይስጡኝ» አላቸው። ጋቢውን ከሥሩ አስገብተን፣ እሱና ሾፌሩ ከፊት፣ ኦቦ ቱሉና እኔ ከኋላ፣ አራቱን ጫፍ ይዘን ወጣን። ጭቃው ያንሸራትታል። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ፉጨቱ ተሰማ። ሌሎቹ ወደ መንገዱ ሮጡ፤ እኛ አራታችን ተያየን። ማንም ጫፉን አልለቀቀም። ያፏጩት ቲቸር ራሳቸው ከኋላችን ደርሰው ትከሻቸውን ከጋኑ ሥር አስገቡና፣ «በሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። መንገዱ ላይ ስናስቀምጠው የቤቱ የወንዝ በኩል ግድግዳ ሲናድ ሰማን።

ኦቦ ቱሉ ወደ ቤቱ አልዞሩም። መንገድ ዳር የተደረደረውን ዕቃ እየዞሩ አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። ጋኑ ጆሮው ብቻ ትንሽ ተሸርፏል። ከዚያ ወደ እኛ መጥተው፣ «ገለቶማ፣ ልጆቼ» ብለው አመሰገኑን። «ልጆቼ ልላችሁ ነው እንግዲህ፤ እምቢ እንዳትሉ።»

ማታ ያ የተተኮሰ ዩኒፎርም ጭቃ ለብሶ ቤት ስገባ እናቴ፣ «በስመ አብ! ምን ውስጥ ገብተሽ ነው?» ብላ ጮኸች። አባቴ ታሪኩን እስክጨርስ ሰማኝ። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ግን እስከ ፋብሪካው በር አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ያገኘውን የሥራ ባልደረባ ሁሉ እያስቆመ፣ «ልጄ ናት። ቅርሱን ከጎርፍ ካወጡት አንዷ እሷ ናት» ይላል። ያፈርኩ መስዬ ወደ መሬት አቀረቀርኩ። ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

ቤቱ ከመንገዱ በላይ፣ ውኃ በማይደርስበት ቦታ እንደገና ተሠራ። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካነው እኛው ነን። በተመረቀ ዕለት ኦቦ ቱሉ እንግዶቹን እንዳስጎበኝ በሰው ፊት ጠሩኝ። ደነገጥኩ፤ ግን ጀመርኩ። ይህ ኮርቻ የጫልቱ አያት ነው፤ ይህን ደወል የባቡር ሠራተኞች ሰጡን፤ እያልኩ ጋኑ ጋ ደረስኩ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ «ይኼስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የእኛ» አልኩ። አፌ አልተያዘም።

ኦቦ ቱሉ ካረፉ ቆይተዋል። አባቴም የለም። ያ የጤፍ ማሳ አብዛኛው መጋዘን ሆኗል፤ ወንዙም የባሰ ቆሽሿል። እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ቀርተውኛል፤ ተምሬያለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ በሥራዬም ተመስግኜ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ደስ ያሰኘኛል፤ የሚያኮራኝ ግን በመጀመሪያ ያ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቀን በፊት፣ የመሐል ከተማ ሰው «ሰፈርሽ የት ነው?» ሲለኝ «ወደ ሳሪስ» ብዬ እሸሽ ነበር፤ ሳሪስ ለመሐሉ ትንሽ ይቀርባላ። ዛሬ የጠየቀኝ ሁሉ፣ ባይጠይቀኝም እንኳ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እነግረዋለሁ፤ የአቃቂ ልጅ ነኝ።